ሚንፈን መልኳን ከማንም አልተበደረችም

ሚንፈንን ካወቅኋት ሃያ ዓመት አልፏል። በቻይናዋ ይቻንግ ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ባለው የክር ፋብሪካ፣ ማሽኖቻችን ጎን ለጎን ናቸው። እዚያ ያለው ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን ስታወራ ትጮኻለች፤ ስትስቅ ደግሞ ከሦስት መደዳ ወዲያ ይሰማል። ቤቷ ስትገባ ግን አትስቅም ነበር። ባሏ ቸንግዪ «ቀስ ብለሽ ሳቂ» ስላላት እጇን አፏ ላይ መጫን ለምዳ ነበር።

ቸንግዪ የጀልባ መካኒክ ነው። አይጠጣም፣ አይማታም። መጀመሪያ ያያት ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ነው፤ የያዘውን የኑድል ሳህን ከእጁ ጥሎ ደርቆ ቀረ። እሷም «እኔን አይቶ ሳህን የሚጥል ወንድ አገኘሁ» እያለች ለእኛ ስታወራ ደስታዋን አትችለውም ነበር። ሲጋቡ ፀጉሯን እስከ ጆሮዋ አስቆረጣት። አረንጓዴ ሹራብ ገዛላት፤ እሱ ሲያልቅ ሌላ አረንጓዴ። ልጃቸው ስትወለድ ሩዪን ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ዓመት የሠራተኛ ማኅበሩ ለበዓል የሲኒማ ትኬት አደለን። ፊልሙ የፍቅር ነበር። አንድ ወጣት እጮኛው በባቡር አደጋ ትሞትበታለች፤ ከዓመታት በኋላ ቁርጥ እሷን የምትመስል ጫማ ሻጭ ያገኛል። የሟቿን ካፖርት ያለብሳታል፣ አረማመዷን ያስተምራታል። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ፤ እኔም መሐረቤ በስብሶ ነበር። ከፊቴ ወንበር ላይ የቸንግዪ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ሚንፈን ግን አላለቀሰችም። ፊልሙን ትታ እሱን ታያለች።

በሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ለማን ነው ያለቀስከው?» አለችው።

«ታሪኩ ያሳዝናላ።»

«ሁሉም አልቅሷል። እንዳንተ የተንሰቀሰቀ ግን የለም። ለማን ነው?»

«ሰው እያየን ነው፣ ሚንፈን።»

«ይየን።»

ቀድሟት ሄደ።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ አማቷ ዘንድ ሄደች። አሮጊቷ ነጭ ፍጅል በጨው እያሹ ነበር። «እማማ፣ ከእኔ በፊት ማን ነበረችው?» ብትላቸው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ «ሩዪን ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ አሁን ምን አስታወሰሽ?» አሉና እጃቸው ጨው ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«የልጄን ስም እኮ ነው የጠሩት» አለችኝ ሚንፈን። «በልጄ ስም ሬሳ ጠሩ።»

እሑድ ዕለት፣ ከአማቷ አድራሻ ተቀብላ፣ እኔን ይዛ ወንዙን ተሻገረች። የሟቿ የሩዪን እናት፣ እማማ ፓን፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በሩን ከፍተው ሲያዩዋት አልደነገጡም። «አንድ ቀን እንደምትመጪ አውቄ ነበር» አሉና አስገቡን። ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ አለ፤ እስከ ጆሮ የተቆረጠ ፀጉር፣ አረንጓዴ ሹራብ። አገጯስ ሌላ ነው። ዓይኗ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ የሚንፈን ነው።

«ልትጋቡ ሳምንት ሲቀራችሁ ገበያ ይዞሽ መጥቶ ነበር» አሉ እማማ ፓን። «እኔ ከማዶ ሆኜ እንዳይሽ። ‹ልጅቷ ታውቃለች?› ብለው ‹እነግራታለሁ› አለኝ።»

«እርስዎስ? ለምን አልነገሩኝም?»

አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ጎተት ጎተት አደረጉ። «ብነግርሽ ትሄጃለሽ። ገበያ የምወጣው አንቺን ለማየት ነበር።»

ሚንፈን ተነሳች። «አሥር ዓመት ሙሉ! እኔ ጎመን ስመርጥ እናንተ ሬሳ ታዩብኝ ነበር?» አለች። ያቀረቡልንን ሻይ ሳንነካ ወጣን።

ማታ ቸንግዪን ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ሁሉንም አመነ፤ አለቀሰም። እሷ ግን ለቅሶውን አልፈለገችውም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እሷ ያልነበራት፣ የእኔ ብቻ የሆነ፣ አንተ የወደድከው።»

ብዙ አሰበ። በመጨረሻ «ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ» አላት።

«የፋብሪካው ኃላፊም እንደዚያ ይለኛል። እሱን ግን አላገባሁትም።»

በዚያው ወር ተፋቱ። ከልጇ ጋር የፋብሪካው ማደሪያ ገባች፤ ሹራቦቹን ለማሽን መወልወያ አመጣቻቸው፤ እኛም ወለወልንባቸው። ከዚያ የልጅቷን ስም ልታስቀይር፣ ስም ወደሚመዘገብበት ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። እኔም አብሬ ነበርኩ።

«አልፈልግም» አለች ልጅቷ።

«የሌላ ሰው ስም ነው፣ ልጄ።»

«የእኔ ነው። ደብተሬ ላይ ሁሉ አለ። ሴትዮዋን አላውቃትም።»

ሚንፈን ጮኸችባት። ልጅቷ አለቀሰች እንጂ አልተረታችም። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እህቴ፣ ዛሬስ ይቅርብሽ» አለቻት። ቅጹን ሳትሞላ ይዛ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን በማሽኑ ጩኸት መሃል «ሱቺን!» ብላ ጠራችኝ። «ሳልጠይቃት ሌላ ሰው ላደርጋት ነበር እኮ። ይሄ ከንቱ ቸንግዪ እኔንም እንደራሱ ሊያደርገኝ ነበር።» እንዲህ ስትል ክሩን በጥሳ ነበር፤ መልሳ የቀጠለችው እየተሳደበች ነው። የልጅቷ ስም ግን ጸና። ሚንፈን መጀመሪያ አካባቢ «አንቺ» ብቻ ትላት ነበር፤ በኋላ አፏ ለመደው።

ልጅቷ አሁን የነርስነት ትምህርት ላይ ናት። አባቷን እሑድ እሑድ ታገኘዋለች፤ እናቷ አትከለክላትም፣ «እንዴት ነው?» ብላም አትጠይቃትም። ሰው «አሥር ዓመት አለፈው፣ ተይው» ሲላት «ለእናንተ አልፎ ይሆናል» ትላለች።

ባለፈው ክረምት እማማ ፓን ሞቱ። የወንድማቸው ልጅ ፋብሪካው በር ድረስ መጣ። አሮጊቷ ሚንፈን ቀብራቸው ላይ እንድትገኝ ተናዝዘው ነበር።

«የፈለጉት ፊቴን ነው» አለችው። «ፊቴ ሥራ ላይ ነው።»

ሰውየው አፍሮ ሄደ። ከሠራተኞቹ ግማሾቹ ልበ ደንዳና አሏት። በቀብሩ ዕለት ሁለታችንም የጠዋት ፈረቃ ነበርን፤ እሷ ቀድማኝ ገብታ ማሽኗን አስነስታ ነበር።