የሀዳነ ማኪና ሊማሊሞ አፋፍ ላይ

ሀዳነን ጎንደር ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ማኪናውን ደግሞ ከእሱም ይልቅ ያውቋት ነበር። ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ብረት መሃል ለቃቅሞ፣ የአንዷን በር ለሌላዋ ገጥሞ ያቆማት ትንሽ ማኪና ነበረች። አራት ሰው ከያዘች በሯ በግድ ነው የሚዘጋው።

ሀዳነ የወለቃ ሰው ነው፤ ቤተ እስራኤል። አባቱ ቀጥቃጭ፣ እናቱ እማማ ጥሩ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የሞተር ሥራን በጠላት ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ዘይት ሲያፈስ በዓይኑ ተማረ። ጣሊያኖቹ ሲሄዱ እሱ መፍቻውን ይዞ ቀረ። ቃል የማያበዛ፣ በእጁ ሥራ ሰው ሲጠራጠር ፊቱ የሚጠቁር ሰው ነበር።

እኔ ከልብ ያወቅሁት በአንድ የጥር ቀን ነው። ወይዘሮ ይመኙሽ አዲ አርቃይ ወረዳ ፍርድ ቤት የርስት ክርክር ነበራቸው። ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደኢየሱስ የወረሱትን መሬት የአጎታቸው ልጅ ሐብተ ማርያም «የእኔ ነው» ብሎ ይዞባቸዋል። ባለፈው ቀጠሮ ታመው ቀርተዋል፤ ዳኛውም በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስማቸው ተጠርቶ ካልቀረቡ መዝገቡን እዘጋለሁ ብለዋል። እኔ መሬቱን ለመሪጌታ ያረስኩ ሰው ስለ ነበርኩ ምስክር ሆኜ አብሬ ሄድኩ።

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ወይዘሮ ይመኙሽ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከኋላ ተቀመጡ። በዚያ ዘመን የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጅ ቡዳ ነው እየተባለ ዓይኑ ይፈራ ነበር። ሀዳነ በመስታወቱ አያቸውና ሞተሩን አስነሣ። እሳቸውም በስሙ አልጠሩትም፤ «ሾፌር» ነበር የሚሉት።

እስከ ዳባት ደህና ሄድን። ከዚያ ወዲያ ግን የማኪናዋ ጠባይ ተለወጠ። ሀዳነ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቢያነሳም ሞተሩ አይረጋም፤ ይጮኻል፣ ደግሞ እየተንገጫገጨ ይስላል። ማኪና ቆማ ሳለች ሞተሯ የሚያሰማውን ዝቅ ያለ ድምፅ መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል። ያ ሚኒሞ ሰማይ ወጥቶ ነበር።

ደባርቅ ላይ አቆመና ኮፈኑን ከፈተ። የነዳጁን ሽቦ ሳበው፤ አልተያዘም። መላሹን ስፕሪንግ ነካው፤ ይመልሳል። እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈትቶ ጠረገ። እሱ ይህን ሲያደርግ ሞተሩ በረደ። ሲያስነሳው እንደ ጠዋቱ ረጋ ብሎ ሠራ።

«ሸጋ! ዳነች» አልኩ።

«አልዳነችም፣ አያ ወልደ ዮሐንስ። ሌባውን ሳልይዘው ሄደ እንጂ።»

ሊማሊሞ አፋፍ ስንደርስ ሌባው ተመለሰ። መንገዱ ከዚያ ወዲያ በገደሉ ወገብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሀዳነ አቁሞ ወረደና ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ።

«ምነው ቆምክ?» አሉ ወይዘሮ ይመኙሽ።

«በዚህ ሁኔታ አንወርድም፣ እመይቴ። ቁልቁለት ላይ ማኪና የሚይዘው ሞተሩ ነው። ይኸ መያዙን ትቶ ይገፋል። ፍሬኑ ብቻውን ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይቃጠላል።»

«ሌላው ሰው ይወርድ የለ?»

«ሌላው ይውረድ። እኔ እርስዎን ገደል አልከትም።»

ይህን ሲል አንድ የጭነት ማኪና አቧራውን እየበተነ አለፈን። ከጭነቱ ላይ ሐብተ ማርያም ተቀምጧል። እኛን ሲያይ ብድግ አለ።

«ይመኙሽ! በሸክላ ነው እንዴ የመጣሽ? ቀስ በይ፣ ይሰበርብሻል!»

ጭነቱ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ማኪናው ታጥፎ ከዓይናችን ተሰወረ። ወይዘሮ ይመኙሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገፍተው ሀዳነን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩት።

«ምን ሰጠህ?»

«ማን?»

«ሐብተ ማርያም ነዋ! ደባርቅ ላይ አቆምክ፣ እዚህ አቆምክ። ስሜ ተጠርቶ እስኪያልፍ ልታቆየኝ ነው የተዋዋልከው!»

የሀዳነ ፊት ጠቆረ።

«እመይቴ» አለ፣ «ፈቅጄ ባቆም ኖሮ ጥላ ያለበት አቆም ነበር።»

ጀርባውን ሰጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩን ሳያጠፋ ለብቻው እያወራ ማሰብ ጀመረ። ሽቦው ደህና ነው፣ ስፕሪንጉም ደህና ነው፤ እንግዲያው ሞተሩ በማያውቀው ቀዳዳ ነፋስ ይስባል ማለት ነው። ቀዳዳው ግን የት ነው?

«እናቴ» አለኝ ዞር ብሎ፣ «ከእሳት የወጣ ገንቦ መሰንጠቁን በዓይኗ ካላየች ውሃ ታስነካው ነበር። ስንጥቅ ውሃ ይጠጣል።»

ከጀሪካኑ በጣሳ ውሃ ቀዳና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቱ ጠብ እያደረገ ይነካ ጀመር። ነዳጁን ከነፋስ ከሚቀላቅለው ከካርቡራተሩ በላይ ጠብ አደረገ፤ ጩኸቱ ያው ነው። ከጎኑ አደረገ፤ ያው ነው። ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት ላይ ሲያደርግ ግን ውሃው እልም አለ። ሞተሩ አንዴ ሳለና ድምፁ ወረደ። ወዲያው እንደገና ጮኸ። ደግሞ ጠብ አደረገ፤ ደግሞ ወረደ።

ሀዳነ ሞተሩን አጠፋና ጣቱን በጨርቅ ጠረገ።

«አገኘኸው?» አልኩት።

«አገኘሁት። የእጄ ሥራ ነው።» ወደ ወይዘሮ ይመኙሽ ዞረ። «እመይቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ መሃል ስስ ማሸጊያ ይገባል። የፈረንጁ ወረቀት ቢጠፋ በዚህ ሳምንት ራሴ ቆርጬ አስገባሁ። ከተማ ውስጥ ደህና ስለ ሠራች፣ እሱን ትቼ ሌላ ሌላውን ስበረብር ዋልኩ።»

«ከምን ቆረጥከው?»

«ከብራና። ቤንዚን አያሟሟውም፣ አይቀደድም ብዬ።»

ወይዘሮ ይመኙሽ ከማኪናዋ ወረዱ።

«ብራና? እሳት ላይ ብራና? የብራና ፋቂ ልጅ እኮ ነኝ! አባቴ ምድጃ ባለበት ቤት እንኳ አያኖረውም ነበር። ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል።»

ሀዳነ ብሎኖቹን ፈትቶ አወጣው። ብራናው እሳት እንደ ነካው ቅጠል ጠርዙ ተሰብስቦ፣ በአንድ ወገን ክፍት ትቶ ነበር። ሞተሩ ጠዋት ረግቶ ሲግል የሚያብደው ለዚህ ነው። ሁለቱም አጎንብሰው አዩት። ወይዘሮ ይመኙሽ ስለ ሐብተ ማርያም ከዚያ በኋላ አላነሱም፤ ሊያዘገይ የተዋዋለ ሰው ጥፋቱን ፈልጎ አግኝቶ በራሱ ላይ አይመሰክርም።

«ካርቶን ያለው አለ?» አለ ሀዳነ።

እኔ ያኔ ጎልማሳ ሆኜ ፊደል መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ገበታ በብብቴ እይዛለሁ። አውጥቼ ሰጠሁት።

«ከየት ልቁረጥ?»

«ከታች። እዚያ ገና አልደረስኩም።»

ካርቶኑን ብረቱ ላይ ደግፎ በመፍቻው እጀታ ቀስ እያለ ቀጠቀጠው፤ የቀዳዳዎቹ ቅርጽ ወጣ። በቢላ ቆርጦ ዘይት አጠጣውና መልሶ አሠረ። ጸ እና ፀ እዚያው ሞተር ውስጥ ቀሩ፤ እኔም ኋላ ላይ ከሌላ ገበታ ነው የተማርኳቸው።

ሞተሩ ተነሣ። ረጋ ያለ ነው።

«ግባ እንጂ! ፀሐይዋን አታይም?» አሉ ወይዘሮ ይመኙሽ።

«ማኪናዋ ስትበርድማ ጠዋትም እንዲህ ነበረች። እስክትግል እንስማት።»

ከዚያ ሁሉ የከበደኝ ያ መጠበቅ ነው። ታች ሐብተ ማርያም እየወረደ፣ እኛ አፋፉ ላይ ቆመን የሞተር ድምፅ እንሰማለን። ብረቱ ጋለ፤ ሽታው መጣ። ወይዘሮ ይመኙሽ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሀዳነ ነዳጁን ሰጠና ለቀቀው። ሞተሩ ጮኸና ወዲያው ወረደ። ደግሞ ሰጠ፤ ደግሞ ወረደ።

«አያ ወልደ ዮሐንስ፣ ድንጋዩን አንሳ።»

በዝቅተኛ ማርሽ ወረድን። በየመታጠፊያው ሞተሩ እያቃሰተ ማኪናዋን ያዛት። ድብ ባሕርን አልፈን አዲ አርቃይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ስንደርስ አስጠሪው በረንዳው ላይ ቆሞ ይጣራል።

«ይመኙሽ ወልደኢየሱስ! ለመጨረሻ ጊዜ! ይመኙሽ ወልደኢየሱስ!»

«አለሁ!» አሉ ማኪናዋ ሳትቆም።

ሐብተ ማርያም ከዳኛው ፊት ዞሮ ሲያየን አፉ ተከፍቶ ቀረ። እኔ ምዬ ቃሌን መስጠት ጀመርኩ። ሀዳነ ግን ማኪናዋን አላመናትም። ውጭ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ጆሮውን አዘንብሎ ቆሟል። ድምፁ እስከ ችሎቱ ይሰማል።

«ያንን ማኪና የሚያጠፋ የለም?» አሉ ዳኛው።

ወይዘሮ ይመኙሽ ወደ መስኮቱ ሄደው ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ሀዳነ!» አሉ። «አጥፋት እንጂ፤ ደርሰናል።»