ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ

ለባሌ አልነገርኩትም። ልጆቼም አያውቁም። በቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ሰዓት ሰው እየተነሣ ጉዱን ሲያወጣ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ የመዝሙር ደብተሬን አገላብጣለሁ። ዛሬ ሶዶ ውስጥ የተከበርኩ መምህርት ነኝ፤ ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። የምትሰሙኝ ከሆነ፣ የማን ልጆች ሳይገቡ እንደቀሩ ልንገራችሁ።

ደርግ ወድቆ መንግሥት በተለወጠ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ከቦዲቲ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር፣ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ባለው ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ ባሌ ያለው ሶዶ ነው። የዝውውር ማመልከቻ ካስገባሁ ዓመት አልፎኛል። ዓርብ በጭቃው ወርጄ እሑድ በጭቃው መመለስ አንገፍግፎኝ ነበር። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ነገሩ የጀመረው ከዚህ ስለሆነ ነው።

በዚያ ቀበሌ የአስቴር እናት የምትባል ሴት ነበረች። ከእኔ ቢበዛ አምስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ፊደል አልቆጠረችም። እንሰት የሚፋቅበት ወቅት ሲደርስ ሴት ልጆች እናቶቻቸውን ለማገዝ ከክፍል ይጠፋሉ። እኔ ስም ጠርቼ «ቀሪ» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አስቤ አላውቅም። እሷ ግን አሰበች። ከጸሎት በኋላ ቤት ለቤት ዞራ ሴቶቹን አስማማች። ዛሬ አንዷ ጓሮ፣ ነገ ሌላዋ ጓሮ እየተሰበሰቡ ሊፍቁ፣ ልጆቹ ግን ሊማሩ። ልጇን ያስቀረች እናት ብቻዋን ትፍቃለች ተባለ። ወር ሳይሞላ ክፍሌ መቀመጫ ጠፋበት።

ከዚያ ሴቶቹ አምስተኛ ክፍል ይከፈትልን አሉ። አራተኛን የጨረሰ ልጅ ቦዲቲ መመላለስ ነበረበት፤ መንገዱ ላይ ወንዝ አለ፣ ዝናብ ሲጥል አዋቂም አይደፍረውም። ክፍሉን ራሳችን እንሠራለን አሉ። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ ኋላ አፍረው ማገሩን አቆሙ፣ ጣሪያውን ከደኑ። ሴቶቹ ጭቃ ረግጠው ለሰኑት። አስቴር ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሉ አንደኛ ትወጣለች።

ወረዳው ኅብረተሰቡ ተሰብስቦ የወሰነበት ቃለ ጉባኤ በአማርኛ ተጽፎ ይምጣልኝ አለ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ከስብሰባው በፊት ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና «አምስተኛ ከተከፈተ አንቺን የምለቅበት መንገድ የለኝም፤ ሶዶን እርሺው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለአምስተኛ የሚመድበው ሌላ መምህር አልነበረውም። ክፋቱ የእኔ ነው።

ስብሰባው ተደረገ። የአስቴር እናት ተነሥታ፣ ልጆቻችን ወንዝ ሳይሻገሩ እንዲማሩ ነው የለፋነው አለች። ሌሎቹም ተናገሩ። እኔ ጻፍኩ። ምን ብዬ? «ኅብረተሰቡ ልጆቹ ለሥራ ስለሚያስፈልጉት የአምስተኛ ክፍል መከፈት ለጊዜው እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ወስኗል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያም ተነሥቼ፣ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ፣ እነሱ ያሉትን በወላይትኛ አነበብኩላቸው። ያልጻፍኩትን አነበብኩላቸው። አጨበጨቡልኝ። ተራ በተራ እየመጡ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሻራቸውን አኖሩ። ማንበብ የሚችለው የቀበሌው ሊቀመንበር ገበያ ለመሄድ ቸኩሎ ነበር፤ አምኖኝ ፈረመ። ርዕሰ መምህሩ አንብቦት ይሁን ሳያነብ ማኅተሙን መታ። በእሱ አላሳብብም።

«ወረዳው እምቢ አለ» ብዬ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። ዝውውሬ ወጣ። በምሄድበት ቀን የአስቴር እናት ቅቤ በኮባ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ደክመሽልናል» አለችኝ። ተቀበልኳት። ሶዶ ወስጄ ከባሌ ጋር በላሁት። እንዴት ወረደልኝ? ወረደልኝ።

ኋላ የሆነውን እዚያ ከቀረች መምህርት ሰማሁ። ሴቶቹ በአስቴር እናት ላይ ተነሥተዋል። የጓሯችንን ሥራ አስጥላን በከንቱ ጭቃ አስረገጠችን፣ ትልቅ ሰው ልሁን ብላ ነው አሏት። አብሮ መፋቁ ቀረ፤ በመፋቂያው ወቅት ሴት ልጆቹ ተመልሰው ከክፍል ጠፉ። አዲሱ ክፍል የከብት ማደሪያ ሆነ። አስቴር ጥቂት ወር ቦዲቲ ተመላለሰች፤ ወንዙ ሲሞላ አንድ ቀን ለጥቂት ተረፈችና አባቷ ከለከላት። በአሥራ አምስት ዓመቷ ቤሌ ወደምትባል ሩቅ ከተማ ተዳረች። ይህን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አዘንኩ፣ ከዚያ ረሳሁት። የራሴን ልጆች ወለድኩ፤ ትምህርት ቤታቸው ከቤቴ አምስት ደቂቃ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሶዶ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ አንዲት ያለ ዕድሜዋ ያረጀች ሴት መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የአስቴር እናት ናት። በር ላይ ለቆመችው ነርስ በተሰባበረ አማርኛዋ «ይሄ የኛ አስተማሪ ነው፤ በጣም ጥሩ ሰው ነው፤ ለኛ ጽፎልን ነበር» አለቻት። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በወላይትኛ ጠየቀችኝ። «እዚያ ስብሰባ ላይ እኔ ያበላሸሁት ነገር ነበር እንዴ? አነጋገሬ ይሆን እምቢ ያስባላቸው? ዛሬም አስበዋለሁ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን ራሷ ላይ ስትፈልግ ኖራለች። እኔ ስረሳው እሷ ስታስበው ኖራለች።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። ማን እንዳጠፋ ግን አልነገርኳትም። ነርሷ ስሟን ጠራችና ገባች። ብጠብቃት ትወጣ ነበር። እኔ ወረፋዬን ትቼ ወጣሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የእናንተን ልጅ አላስቀረሁም። ወጣት ነበርኩም አልልም፤ ሐኪም ቤት ሸሽቻት ስወጣ ወጣት አልነበርኩም። ይቅር ማለት የምትችለው አንድ ሴት ናት፤ ቤቷን አውቀዋለሁ። አሁን ከቦዲቲ ባጃጅ እስከ ደጇ ይገባል።

አልሄድኩም።