የገብረ ኪዳን ቤዛ

ሣህሉ ከዘጌ ማገዶ በታንኳ እየጫነ ባሕር ዳር የሚሸጥ፣ ከሰው ይልቅ ከጣና ጋር የሚግባባ ሰው ነበር። የቤቱን ንግግር ሁሉ ለሚስቱ ለየሺመቤት ትቶላት ነበር። እሷም ለሁለት ታወራለች።

በ1970 ዓ.ም. ልጃቸው ገብረ ኪዳን ወረቀት በትነሃል ተብሎ ሲፈለግ፣ ሣህሉ በገዛ ታንኳው ደልጊ ወስዶ ዘመድ ቤት ሸሸገው። የቀበሌው ሰዎች ልጁን ቢያጡ እናቱን አሰሩ።

«ልጁን አምጣና ሚስትህን ውሰድ» አለው ሊቀ መንበሩ። «ስምንት ቀን ሰጥተንሃል። ከዚያ ወዲያ እሷን አትጠይቀን።»

«ጌታዬ፣ እኔ ቤዛ ልሁናት። እኔን እሰሩኝ፤ ብትሹም ግደሉኝ።»

«ቤዛ የቄስ ወሬ ነው። አንተን ማን ፈለገህ?»

ሣህሉ ፊደል ባይቆጥርም ቤዛ ማለት ስለ ሌላው የሚሰጥ ነፍስ መሆኑን ያውቃል። የራሱን መስጠት አልከበደውም ነበር፤ አልቀበል ብለው የልጁን ጠየቁት። ይህን ያሰበ ሰው ከእናት ተወልዷል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሌላ መላ ቢያጣ ወደ ደልጊ ቀዘፈ። ሁለት ቀን ሙሉ ልጁን ምን እንደሚለው ጨነቀው። ገብረ ኪዳን ግን የአባቱን ፊት አይቶ ጠየቀ፤ ሰማም።

«እናቴ በእኔ ምክንያት አትሞትም። ተነሥ አባ፣ እንሂድ» አለ።

ሣህሉ እምቢ ማለት ነበረበት፤ አላለም። ለዚህም ራሱን ይቅር ብሎ አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን ባሕር ዳር ደረሱ። ልጁን ከሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ደብቆ፣ «መጀመሪያ መኖሯን ልወቅ» ብሎ ምሳ ዕቃ ይዞ ወደ እስር ቤቱ ሄደ። በዚያ ዘመን መርዶ በምግብ ነበር የሚነገረው። ምሳ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ እስረኛው አለ፤ ከነምግቡ ከተመለሰ ተገድሏል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ራሱም ይገባል።

የየሺመቤት ምሳ ዕቃ ከነምግቡ ተመለሰ።

ሣህሉ ሰማይ ተደፋበት። እንደምንም ደንገሉ ዘንድ ደርሶ፣ «ሂድ ልጄ፤ የምታድናት እናት የለችህም» አለው። ልጁ ድምፁ እንዳይሰማ ጋቢውን ነክሶ አለቀሰ፤ በዚያው ታንኳ ተመልሶ ሄደ። ለታሰረ ሰው ልቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበርና፣ ሣህሉ ቤቱን ዘግቶ ብቻውን አነባ።

ከወር በኋላ ከእስር የተፈታች ነፊሳ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ መጣች። ከየሺመቤት ጋር አንድ ክፍል ታስራ ነበር።

«አያ ሣህሉ፣ አደራ አለብኝ» አለችው። «ያን ዕለት ምግቡን የመለሰችው ራሷ ናት። ልጁ እስኪመጣ መያዣ መሆኗን ነግረዋት ነበር፤ እስከዚያ ድረስም ምሳዋን እህቷ ነበረች የምታመጣላት። የእርስዎን ድምፅ ከበር ስትሰማ፣ ‹ባሌ ከደልጊ ተመለሰ፤ ልጄን ይዞት መጥቷል› አለች። ‹ሞታለች ብለው ይሂዱ› ብላ ምሳ ዕቃውን ሳትከፍት ለዘበኛው ሰጠችው። ርቧት ነበር፤ ከእኔው እንጀራ ቆርሼ አጎረስኋት።»

ሣህሉ ጠየቃት፤ «ታዲያ መቼ ሞተች?»

«በስምንተኛው ቀን ነው የወሰዷት።»

«ሦስት ቀን ነበረች? እኔ ሳለቅስላት?»

«ነበረች» አለች ነፊሳ። «ምሳ ሲመጣ ዘበኛው ስም እየጠራ ያድላል። የእሷን ስም ሳይጠራ ሲቀር፣ ‹እሰይ፣ አምነዋል› ትል ነበር።»