ሲቅ እስኪል የተዘጋ ቧንቧ

በመላው ጎጃም እንደ እኔ ቧንቧ የሚዘጋ ሰው አልተፈጠረም። ጉራ እንዳይመስልህ። በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ዘግቼው የሄድሁትን ቧንቧ ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው አይከፍቱትም ነበር። እናቴ ማለዳ ውኃ ስትፈልግ "ና ተነሥ፣ ያሰርኸውን ፍታ" ብላ ትቀሰቅሰኝ ነበር። ዛሬም ቡሬ ካለው ቤቴ ማዶ ጎረቤት ቧንቧውን ሲዘጋና ብረቱ ሲቅ ሲል በሰማሁ ቁጥር መዳፌን ይበላኛል፤ የዛገ ብረትና የረጠበ አፈር ሽታ ከየት መጣ ሳልለው አፍንጫዬ ሥር ይደርሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ጉራ አይደለም፤ ድንጋጤ ነው።

ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ልብስ ሰፊው አባቴ የስፌት መኪና እየረገጠ ያጠራቀማትን አውጥቶ ግቢያችን ቧንቧ አስገባ። በሰፈሩ የመጀመሪያው ነበር። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ በአጥር እያጮለቀ ያልፋል፤ ከዳሞት ድረስ ሊያዩት የመጡ ነበሩ ብል ማን ያስተባብለኛል?

አባቴ ቧንቧውን እንደ ሙሽራ ነበር የሚጠብቀው። ፊት የሚታጠበው በጣሳ፣ ልብስ የሚታጠበው በሳፋ፣ የታጠበበት ውኃ ደግሞ ለጓሮው ጌሾ ነው። ከቤት ሲወጣ የቧንቧውን እጀታ ነቅሎ ኮቱ ኪስ ይከተዋል። ከሕጎቹ ሁሉ የከበደው ግን "ሲቅ ሳይል የሚዘጋ ሰው ዓይኔ እንዳያየው" የሚለው ነበር። አንዲት ጠብታ ጠብ ስትል ከሰማ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ስለዚህ የማታውን መዝጊያ ለእኔ ሰጠኝ። በሁለት እጄ አንቄ፣ እግሬን አጥሩ ላይ ደግፌ፣ የቆመው ብረት ራሱ አብሮኝ እስኪዞር ስጠመዝዘው አባቴ ከደጃፉ ሆኖ፣ "እሰይ የእኔ አንበሳ! ክንድህ ይባረክ!" ይለኝ ነበር። ያን ምርቃት የሰማ ጎረምሳ ቧንቧ ቀርቶ ተራራ ይጠመዝዛል።

ጓሯችን ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየችው ፈረስ ቤት ከሚባል ከተማ የመጣች የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ለማትሪክ ወራት ቀርተዋታል። ማለዳ ማለዳ ጮክ ብላ ስታጠና ድምፅዋ ከልብስ ሳሙናዋ ሽታ ጋር በመስኮቴ ይገባል። ወድጃት ነበር አልልም። ብቻ እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሁልጊዜ ጥማት ይይዘኝ ነበር።

አንድ ቀን የውኃ ሒሳብ ሰብሳቢው መጣ። አባቴ ወረቀቱን አይቶ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። መቀመጡን ራሱም ያወቀ አልመሰለኝም።

"ይህ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

"ግሽ ዓባይ ከእኔ ግቢ ነው እንዴ የሚመነጨው?"

በተከታዩ ወር የባሰ መጣ። በጣሳ እየተጉመጠመጥን፣ በጤዛ እየታጠብን፣ ቆጣሪው ይሮጣል። በመጋቢት ሐሩር አገሩ ሁሉ ሲነድ ደግ የሆነልን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቧንቧው አጠገብ የበቀለው የእናቴ ዱባ። ቅጠሉ ጃንጥላ ያህላል፣ ፍሬው በሬ ያህላል። እሺ፣ ጥጃ ያህላል። አባቴ "የእጄ በረከት ነው" እያለ ለመንገደኛ ያስጎበኘው ነበር። እናቴ ተክላው።

በመጨረሻ ጥርጣሬው ተከራይዋ ላይ አረፈ።

"ልጄ፣ ገላሽን የምትታጠቢው በስንት ባልዲ ነው?"

"በአንዲት ጣሳ ነው አባባ።"

"ጣሳዪቱ የሐምሌን ጎርፍ ነው የምትይዝ?"

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አባቴ እሑድ ሳይደርስ ሌላ ቤት እንድትፈልግ ነገራት። እናቴ "ፈተናዋ ደርሷል፣ የት ትግባ?" ብትል፣ "በደረቅ የምትኖርበት ትሂድ" አላት። ልጅቱ ደብተሮቿን በነጠላ ስትቋጥር ደጇ ቆሜ ነበር። "ክፍል ካላገኘሁ አባቴ አገር ቤት ግቢ ነው የሚለኝ" አለችኝ። አገር ቤት ከገባች ፈተናው ቀረ፤ ፈተናው ከቀረ ደግሞ የሚጠብቃት ባል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ለጊዜው የክፍል ጓደኛዋ ቤት መደብ ላይ ልታድር ሄደች። ሰኞ በጭነት መኪና ወደ ፈረስ ቤት ልትመለስ ነው።

እሑድ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አባቴ ከመውጣቱ በፊት ቧንቧውን በእኔ ክንድ አዘግቶ፣ እጀታውን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ስንመለስ ቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄደ፤ እንደ ዳኛ ተጎንብሶ ክዳኑን ከፈተ። "እንግዲህ ሌባዋ ከወጣች..." አለ።

የቆጣሪው ትንሿ መርፌ እየዞረች ነበር።

አባቴ ኪሱን ዳበሰ። እጀታው አለ። አውጥቶ ለፀሐይ አሳየው፣ ለእኛ አሳየን፣ እንደገና ቆጣሪውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። "በስመ አብ! ማን ከፈተው?" ሮጦ ገብቶ የጠበሉን ጠርሙስ ይዞ ወጣና ቆጣሪውን ረጨው። መርፌዋ ዞረች። ደግሞ ረጨው። እንዲያውም የፈጠነች መሰለኝ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ "አንቱ ሰውዬ፣ ጠበሉን ይተዉና ይቆፍሩ!" አለች።

ዶማ ሊያመጣ በዱባው መካከል ሲያቋርጥ ግራ እግሩ እስከ ባቱ ጭቃ ገባ። እግሩ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። በመጋቢት! ዝናብ ካየን መንፈቅ ባለፈን ጊዜ! ስንቆፍረው ከመሬት ሥር ውኃው ጉልጉል እያለ ወጣ።

የተጠራው ቧንቧ ሠሪ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ "ይህን ብረት ማን ነው ሲያዞረው የከረመ? ከሥር ተፈትቷል እኮ" አለ። የሁሉም ዓይን ወደ ክንዴ ዞረ፤ ወደዚያ ወደ ተመረቀው። በየማታው ከላይ ሳጠብቅ ለካስ ከታች ስፈታ ነበር። ሰውየው ቃጫ ጠምጥሞ መጋጠሚያውን አሰረና፣ "ቧንቧ በሁለት ጣት ነው የሚዘጋ። ካንጠባጠበ ውስጡ ያለችው ጎማ አልቃለች፤ እሷን መቀየር ነው። ብረቱን ማነቅ ምን ይባላል?" ብሎ ሄደ።

አባቴ ጫማውን ከጭቃው ነቅሎ አወጣ። ከዚያ ቢላ አምጥቶ ትልቁን ዱባ ቆረጠው። በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። አባቴ ዱባውን ማጅራቱ ላይ ጫነ።

"ኧረ ድንጋይ ይሻላል፤ ሰው ምን ይለናል?" አለች እናቴ።

"ድንጋይ ምን አጠፋ? ውኃውን የጠጣው ይኸ ነው።"

በገበያው መካከል እንዲያ ሆኖ ሲያልፍ ከኋላው ነበርሁ። ጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን አቆሙ። ሱሪውን እንዲያሳጥርለት የሰጠው መምህር ባርኔጣውን አወለቀ። ልጅቱ ያለችበት ደጃፍ ስንደርስ አባቴ፣ ያ በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ለአንዲት ተማሪ ጎንበስ አለ።

"ልጄ፣ በድዬሻለሁ።"

በሁለት እጇ አፏን ያዘች። "አባባ! ኧረ ያውርዱት፣ አንገትዎ!"

"ማርሁ ካላልሽኝ አላወርድም።"

"ማርሁ! ማርሁ አልሁዎት! ያውርዱት!" እያለቀሰች ትስቃለች። አባቴ ዱባውን እግሯ ሥር አወረደው።

ያን ቀን ቋጠሮዋን ይዤ መለስኋት። ደብተሮቿ ሳሙና ሳሙና ይሸቱ ነበር። አባቴ እጀታውን ከኪሱ አውጥቶ በእጇ አስቀመጠው፤ "ከዛሬ ጀምሮ የምትዘጊው አንቺ ነሽ" አላት። በሁለት ጣቷ ነበር የምትዘጋው፣ ያለ ድምፅ። እሑድ እሑድ ሁላችንም ከመውጣታችን በፊትና ስንመለስ ቆጣሪው ይታያል፤ ጎማዋ ሳሳ ስትል ትቀየራለች። የውኃው ወረቀት ሲመጣ አባቴ ቆሞ መቀበል ጀመረ። ዱባው ግን ጠወለገ። አባቴ ማታ ማታ አጠገቡ ቆሞ ሲያየው፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አሳዘነኝ።

ማትሪኩን አለፈች። ክረምቱ ሲወጣ እጀታውን ለእናቴ አስረክባ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። አባቴም አልፏል። ዝጎ የቀረው እጀታ እኔ ዘንድ ነው።

ሃምሳ ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል። ከባለፈው ዓመት ጀምሮ፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ አንገቱን ቆርጬ ከጣልሁበት ቀን ወዲህ፣ በገዛ ቤቴ ቧንቧ መዝጋት አይፈቀድልኝም። እጄን ስታጠብ ትንሿ ልጄ አጠገቤ ትቆማለች። ስጨርስ ፎጣውን ትሰጠኝና እሷ ትዘጋዋለች፣ በሁለት ጣት።