የእትዬ ኤሮፊሊ ጀልባ

እትዬ ኤሮፊሊን በቅርብ አላውቃቸውም። በቀርጤስ ደቡብ ዳርቻ፣ መኪና በማይደርስበት መንደራችን፣ ከዓለት ላይ ጨው እየለቀሙ የሚኖሩ መበለት ናቸው። ባለፈው መስከረም በጥልቁ ሸለቆ ወርደው ከመንደሩ ራቅ ያለ የባሕር አሸዋ ላይ ጀልባ የሚጠብቁ እንግዶችን ማዕበል አገታቸው።

ጀልበኞቹ ቡና ቤት ተቀምጠው «ባሕሩ ይረጋጋና እንሄዳለን» አሉ።

«ግዴለም፣ ቡናችሁ እንዳይቀዘቅዝባችሁ» አሉና እትዬ ኤሮፊሊ የሟች ባላቸውን ጀልባ ገፉ።

መልህቁን ማዕበሉ ከሚሰበርበት ወዲያ ጥለው፣ ገመዱን ቀስ በቀስ እየለቀቁ ጀልባዋን በኋላዋ በኩል ወደ አሸዋው አስጠጉ። እንግዶቹን አንድ ሳያስቀሩ ይዘው መንደር ሲገቡ፣ ለሰርግና ለክርስትና ብቻ የሚተኮሰው የመንደሩ ጠመንጃ ለእሳቸው ተተኮሰ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «ባልዎ ሴት መሪ አትይዝም ይሉ አልነበር? ታዲያ ማን አስተማረዎት?»

አይብ የተሞላ ትኩስ ቂጣ ላይ ማር አፍስሰው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»