ገመዱን ሳልጎትት፦ ከጭሮ እስከ መቻራ

ቀኑ መቼ እንደነበር አጥብቃችሁ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ዝናቡ ወጥቶ ነበር፤ የመቻራ ቡናም መቅላት ጀምሯል። ከዚያ አልፌ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። የሆነውን ግን ከነድንጋጤው አስታውሰዋለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ቀስ እያላችሁ አንብቡኝ።

ጎህ ሲቀድ፣ ጭሮ

መናኸሪያው ጭጋግ ለብሷል። ረዳቶቹ "በዴሳ! ገለምሶ! ገለምሶ!" እያሉ ይጮሃሉ። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ልጄ ሰሚራና ጓደኛዋ ትዕግሥት። ሰሚራ ጅቡቲ ሆቴል ስትሠራ፣ ያለ አየር ዕቃ በአንድ ትንፋሽ ብቻ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ተምራ መጣች። ትዕግሥት ድሬዳዋ ዋና ታስተምራለች፤ መጥለቁን አብረው ነው የተማሩት።

መጀመሪያ ስሰማ ክው አልኩ። ለምን መሰላችሁ? ይህቺ ልጅ ወተት ጥዳ ደጅ ላይ ሰው ካየች ወተቱ አለቀለት። ሱቅ አስቀምጫት፣ ስኳሩን ሚዛን ላይ ትታ የሰርግ መኪና ተከትላ ሄዳለች። ሰፈሩ "ቀበጥ" ይላት ነበር። ካደገች በኋላ ሐኪም አያትና ኤዲኤችዲ ይባላል አለን፤ ሐሳብ አንድ ቦታ አልረጋ የሚልበት፣ አብሮ የሚወለድ ነገር ነው፣ ቅብጠት አይደለም አለን።

"አባ፣ ጭንቅላቴ መናኸሪያ ነው" ብላኛለች። "ሁሉም ረዳት በአንድ ጊዜ ይጠራኛል። ውሃ ውስጥ ስገባ ግን ዝም ይላሉ።"

እሺ። ግን ወተት የምትረሳ ልጅ ከውሃ መውጣት ብትረሳስ? እንቅልፍ ነሳኝ። በመጨረሻ ተስማማን፦ አንድ ጊዜ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ፤ አልችልም ካልኩ ትተወዋለች። "ቃሌ ነው" ስትል ድምጿ ተሰበረ። ዞር ብዬ ያልሰማሁ መሰልኩ።

ሹፌሩ በመስታወቱ ያየኛል። "አባባ፣ ወዴት ነው በጧቱ?"

"መቻራ። ልጄ ውሃ ልትገባ።"

"ለመታጠብ መቻራ ድረስ? ጭሮ ውሃ ጠፋ እንዴ?"

"መቼ ኖሮ ያውቃል!" አለች ከኋላ አንዲት ሴት፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ።

ኩኒ

ብርድ። ጥዱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ሰሚራ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ከረዳቱ ጋር ታወራለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች። ትዕግሥት ደግሞ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች። እነዚህን ሁለቱን ምን አገናኛቸው? እላለሁ።

ገለምሶ

ጫት የጫኑ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ። ሻይ በፓስቲ ቀመስን። መንገድ ከጀመርን በኋላ ሰሚራ ራሷን ያዘች። "ቦርሳዬ!" የውሃ መነጽሩና የእግር መቅዘፊያው ያለበት ቦርሳ ሻይ ቤት ቀርቷል። ሹፌሩ እያጉረመረመ ተመለሰ።

እኔ ግን ወደ ትዕግሥት ዞርኩ። "ትዕግሥት ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ምን ትረሳ ይሆን?"

"አባባ፣ እርስዎ አይስጉ። ሳትገባ በፊት አንድ በአንድ እጠይቃታለሁ፤ እየነካች ጮክ ብላ ትመልሳለች። አንዱን ከዘለለች አትገባም። እኔም ከላይ ሆኜ ዓይኔን አልነቅልም፤ ስትወጣ ወርጄ እቀበላታለሁ። ብቻዋን ገብታ አታውቅም።"

መቻራ

ከገለምሶ ወዲያ መንገዱ አንጀት ያወጣል። መቻራ ስንወርድ አቧራው ቅንድባችን ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በእግር፣ በቡና ውስጥ ለውስጥ፣ ቁልቁል። ወንዙ ገደል ሥር ገብቶ የሚቆምበት ቦታ አለ። ውሃው ከዳሩ ጠርቶ መሃሉ ላይ ይጠቁራል።

የገመዱን አንድ ጫፍ ድንጋይ አስረውበት ወደ ታች ለቀቁት፤ ሌላውን ከቋጥኝ ጋር ቋጠሩት። ሰሚራ እጄን ወስዳ ገመዱ ላይ አኖረችው።

"አባ፣ አትጎትት። የእጄ ማሰሪያ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። ከጎተትክ እደነግጣለሁ፤ እዚያ ታች ድንጋጤ ክፉ ነው። ስነካው ይሰማሃል፣ እሱ ይበቃሃል። ከታች ደግሞ ትንሽ አርፋለሁ።"

በላይ በኩል ቤቷ ያለ አንዲት አዴ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። አዴ ይላሉ በዚህ አገር ትልቅ ሴትን። ነገሩን አስረዳኋት።

"ሰው ነው ዓሣ የወለድከው?" አለችኝ።

ትዕግሥት ትጠይቃለች። "መነጽር?" "አለ።" "የእጅ ማሰሪያ?" "አለ።" ሰሚራ እያንዳንዱን ትነካለች። ከዚያ በጀርባዋ ተንሳፈፈች፣ ቀስ ብላ ተነፈሰች፣ ተገለበጠችና ጠፋች። ትዕግሥት ፊቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ከላይ በዓይኗ ትከተላታለች።

ገመዱ መዳፌ ላይ ነዘር ነዘር ይላል። ልጄ ናት። ይርቃል፣ ይቀጥናል። ከዚያ ቆመ።

ከታች አርፋለሁ ያለችኝ ከአእምሮዬ ጠፋ። "ኡኡ! ልጄን!" ብዬ ጮህኩ።

በዚህ አገር ከውሃ ዳር ኡኡታ ከተሰማ ማንም "ምንድን ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ቡና የሚለቅሙት ወንዶች ቅርጫታቸውን ጥለው በገደሉ ተንከባለሉ። "ገመዱን ሳቡ! ገመዱን!" እኔም እጄ ሊስብ ተሰናድቷል።

አዴዋ ተነሣች። ሻሿን ከራሷ ፈትታ ገመዱ ላይ ጣለችው፤ እሷ ፀጉሯን በምትሸፍንበት መረብ፣ በጉፍታዋ ብቻ ቆመች። እናት ሻሿን ከጣለች ወንድ አይሻገርም፤ የሰው ደም እንኳ በዚህ ይቆማል። ሰዎቹ ባሉበት ደረቁ። እሷ አንጓዬን ያዘችኝ።

"ሂንሶዳቲን፣ አትፍራ። ልጅህ ምን አለችህ?"

"አትጎትት አለችኝ።"

"እንግዲያ አትጎትት።"

ያ ጊዜ ስንት እንደሆነ አላህ ይወቀው። ትዕግሥት ከላይ ገልበጥ ብላ ወረደች። መዳፌ ውስጥ ገመዱ አንዴ ነዘረ። ደገመ። ሁለት ራስ አብሮ ወጣ። "ተንፍሺ! ተንፍሺ!" ትላለች ትዕግሥት። ሰሚራ ተነፈሰች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ "ደህና ነኝ" አለች።

ከዚያ ዳሩን አየች፤ ያ ሁሉ ሰው። ሁለት ወንዶች ደግሞ የአዴዋን አልጋ ለቃሬዛ ተሸክመው ገደሉን ይወርዳሉ።

"ማን ሞተ?" አለች።

"አንቺ ነሻ!" አለ አንዱ በንዴት። "አሁን ይህን አልጋ ማን መልሶ ያወጣዋል?"

ሳቁ ገደሉን ሞላው። እኔ አልሳቅሁም። ሰሚራ ዳር ይዛ ቀና ብላ ታየኛለች።

"አባ፣ ምን ትላለህ? ልተወው?"

"ትርፍ መነጽር ካለ ስጪኝ" አልኳት።

ዳግም አረፈች፣ ዳግም አንድ በአንድ ተጠየቀች፣ ገባች። እኔ በደረቴ ተኝቼ ፊቴን ውሃ ውስጥ ነከርኩ። እናም አየሁ። ልጄ ከታች፣ ገመዱን በሁለት ጣት ይዛ፣ ተንጠልጥላለች። ጣቷ አይንቀሳቀስም፣ እግሯ አይወራጭም። ፀጉሯ ብቻ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከተወለደች ጀምሮ፣ ተኝታ እንኳ፣ እንደዚህ ረግታ አይቻት አላውቅም። የዚያን ቀን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ውሃ ውስጥ አለቀስኩ፤ እዚያ ማን ያያል።

ስትወጣ "አትተዪ" አልኳት።

ይህን ሁሉ ሳይ፣ ተንሸራትቼ እንዳልገባ ከኋላ ቀበቶዬን ጨብጣ የያዘችኝ ያቺው አዴ ናት። ስሟን የጠየቅኋት ስንለያይ ነው። ሩቅያ ትባላለች።