ላይ ማለት ወዴት ነው

ሲረል ሬይቦልድ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከእግረኛው ድልድይ መሐል ይቆማል። ፔርሙዙን ከብረት መደገፊያው ሥር ያስቀምጣል፣ ክርኑን ያስደግፋል፣ ከዚያ ቁልቁል እያየ ሰው መናቅ ይጀምራል። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚህ የተዋጣለት ሥራ አግኝቶ አያውቅም።

ከድልድዩ ሥር ድሮ ባለ ሁለት ሐዲድ የባቡር መንገድ ነበር። ሐዲዱ ተነቅሎ ሲወሰድ ቦታውን ዛፍና እሾህ ወረሰው፣ እኛ ፓርክስ ባንክ የሚባለው ሰፈር ሰዎችም ውሻ ማናፈሻ አደረግነው። አሁን ደግሞ ከዱድሊ የሚመጣውን ቀላል ባቡር እኛ ሰፈር ድረስ ሊያደርሱት ያንኑ የድሮ መስመር ተከትለው ይቆፍራሉ። ሲረል በዚህ መስመር ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ጥርሱን የነቀለበት ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ደግሞ የሐዲድ ጥገና ካቦ ነበር።

ስለዚህ ከታች የሚርመሰመሱትን ሲያይ ደሙ ይፈላል፣ ደግሞም ደስ ይለዋል። «አንዱ ይቆፍራል፣ ሁለቱ ሲቆፍር ያዩታል፣ አራተኛው ማየታቸውን ይጽፋል» ይላል ላላፊ አግዳሚው ሁሉ። ወረቀት ለመያዝ ጓንት ያጠለቀ ሠራተኛ አይቶ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያወራው ሰነበተ። አጥሩ ላይ የተለጠፈውን፣ መንገደኞች ባቡር ውስጥ ተቀምጠው ጥርሳቸውን የሚያሳዩበትን ትልቅ ሥዕል ባየ ቁጥር «ባቡሩ ገና ሳይመጣ እነዚህን ምን አሳቃቸው?» ይላል። አንድ ቀን ደግሞ ፎቶ የምታነሳ ትንሽ ማሽን ሰማይ ላይ ሲያበሩ አያቸው። በእግር ሦስት ደቂቃ የሚፈጅን ቦታ ከላይ ሆነው ማየት ለምን እንዳስፈለጋቸው እስከ ዛሬ አልገባውም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አልገባንም።

ሥራው ሳይጀመር ነዋሪውን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሰብስበውት ነበር። ብስኩት አቀረቡ። ሸሚዙ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ ሰውዬ «ትዝታችሁ ለእኛ ሀብት ነው» ብሎ ለእያንዳንዳችን ቢጫ ብጣሽ ወረቀት አደለና የምናውቀውን ጽፈን ሰሌዳው ላይ እንድንለጥፍ ጠየቀን። ብዙዎቻችን የአውቶቡስ ፌርማታ ስለሚቆምበት ቦታ ጻፍን። ሲረል ወረቀቱን አጣጠፈና ጥርሱን ጎረጎረበት። ሲረልን የሚወደው ሰው አልነበረም። እሱም እኛን «ባቡር ከማጣት ውሻ ማጣት የሚከፋው ሕዝብ» እያለ ነው የሚጠራን።

ከመካከላችን የማይንቃት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ቤሪል ዊሌትስ ከሐዲዱ መንገድ ዝቅ ብሎ ካለው የቤቶች ረድፍ፣ አሥራ አራት ቁጥር ውስጥ ትኖራለች፤ የኩሽናዋ ግድግዳ ከመንገዱ አፈር ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ሟች ባሏ ሌን በሲረል ጓድ ውስጥ አካፋ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ሌን ከሞተ ወዲህ ሲረል በየሐሙሱ እሷ ዘንድ ግራጫ አተር ከአሳማ ሥጋ ጋር ይበላል። አግብቶ አያውቅም፣ የሚደውልለትም የለም። ያቺን የሐሙስ ወንበር ቢያጣ በፓርክስ ባንክ ውስጥ ሌላ ቁጭ የሚልበት ቤት አልነበረውም፤ ይህንንም ያውቃል።

በመስከረም፣ አንድ ሐሙስ ላይ፣ አፉን አተር ሞልቶት ወሬውን ጀመረ።

«እነዚህ ጅሎች እኮ ቦዩን አያውቁትም።»

«የትኛውን ቦይ?» አለች ቤሪል።

«የጡቡን ነዋ። ሐዲዱን ተከትሎ ከመሬት በታች የሚሄደውን። የምንጩን ውሃ ወደ ጅረቱ የሚወስደው እሱ ነው። እኔና ሌን በዓመት ሦስቴ ውስጡ ገብተን እንጠርገው አልነበር? ካርታቸው ላይ የለም። ለኤሌክትሪኩ ምሰሶ ሲቆፍሩ በኮንክሪት ይደፍኑታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውሃው መሄጃ ይፈልጋል» አለና በሹካው የኩሽናዋን ወለል አሳያት።

ቤሪል መጀመሪያ ወለሉን፣ ቀጥሎ እሱን አየች። «ታዲያ ሄደህ አትነግራቸውም?»

«ይጠይቁኛ።»

«መኖርህን ሳያውቁ ምን ብለው ነው የሚጠይቁህ?»

«ዝም አይነቅዝም» አለና ዳቦውን ቆረሰ።

ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው። «እንግዲያው እኔ ጠየቅኩህ። ነገ ሄደህ ንገራቸው። ካልነገርክ ሐሙስ እንዳትመጣ።»

በማግሥቱ እያጉረመረመ ሄደ። የሥራው ጽሕፈት ቤት አንድ ኮንቴይነር ነው። መሐንዲሷ ሃርሊን ሶሃል ገና ሠላሳ አልሞላትም፤ አያቷ እዚሁ አካባቢ ብረት ማቅለጫ ውስጥ የሠሩ፣ የአገራችን ልጅ ናት። ወንበር ሳበችለት። አልተቀመጠም።

«ሚስተር ሬይቦልድ፣ እንኳን መጡ። እንዲህ የሚነግረን ሰው ስንፈልግ ነው የከረምነው። እስቲ ካርታው ላይ ያሳዩኝ።»

«ካርታ አያስፈልገኝም ልጄ። መግቢያው ከድልድዩ ወደ ዱድሊ ሃያ ሁለት ያርድ ነው፣ ላይኛው ጎን። ጻፊው።»

ጻፈችው። «ላይኛው ጎን» ብላም ደገመችለት፣ ቃሉን በማወቋ ኮራ ብላ።

የባቡር ሰው ቀኝና ግራ አይልም፤ ፊትህን ስታዞር ቀኝህም አብሮ ይዞራልና። አንደኛው ሐዲድ «ላይ» ነው፣ ሌላው «ታች»። ከዳገትና ከቁልቁለት ጋር ምንም አያገናኘውም። በአገሩ ሁሉ ላይ ማለት ወደ ለንደን ነው፤ ሃርሊንም የተማረችው ይህንኑ ነው። የእኛን መስመር የዘረጋው የድሮ ድርጅት ግን ዋና ቤቱ ደርቢ ከተማ ስለነበር ለእሱ ላይ ማለት ደርቢ ነው፣ ለንደን ታች ነው። ድርጅቱ ከሞተ መቶ ዓመት ሆኖታል። የእነሲረል ጓድ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ባቡሩን ሁሉ በደርቢ ሲቆጥር ኖረ። እናም የሲረል ላይኛው ጎን የሃርሊን ታችኛው ጎን ነው። ያን ጠዋት ይህን ከሁለቱ አንዳቸውም አላሰቡትም።

«አብረን ወርደን ቦታውን በጣትዎ ቢያሳዩኝስ?» አለችው።

«ካቦ በቃሉ ነው የሚያዘው እንጂ በጣቱ አይጠቁምም።»

የጉራ ወሬ ነው። እውነተኛው ምክንያት ጉልበቱ ነበር። ተዳፋቱን ለመውረድ የሰው ክንድ መያዝ ሊኖርበት ነው፣ ያም የናቀው ሠራተኛ ሁሉ ቆሞ እያየው። ከዚህስ ሞቱን ይመርጣል።

ሰኞ ዕለት ኤክስካቫተሩ መጣና በተቃራኒው ጎን መቆፈር ጀመረ። ሲረል ከድልድዩ ላይ ሆኖ፣ ገና የመጀመሪያውን አፈር ሲዝቅ አወቀው። መጀመሪያ ገረመው፣ ቀጥሎ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ጻፊው ብሏት፣ ጽፋ፣ አፍ አውጥታ ደግማለት፣ ይኸው የሠራችው! ለምን እንደተሳሳተች ራሱን አልጠየቀም። የናቁት ሰው ሲሳሳት ምክንያት ያለው አይመስልም።

ሁለት ቀን ቆፈሩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሃርሊን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ወደ ድልድዩ አንጋጠጠች።

«ሚስተር ሬይቦልድ፣ ላይኛው ጎን ነው ያሉኝ አይደል?»

«ላይኛው ጎን ነው ያልኩሽ» አላት። ውሸት አልተናገረም። የፔርሙዙን ክዳን ከነሻዩ ብድግ አደረገላትና ጠጣ።

ረቡዕ ጉድጓዱን መልሰው ሞሉት። «ሽማግሌው ተምታቶበት ነው» አለ አንዱ ሠራተኛ፤ ሲረል አልሰማውም እንጂ ቢሰማ ጥሩ ነበር። በማግሥቱ ሐሙስ ስለነበር ቤሪል ዘንድ ሄደ።

«ነገርካቸው?» አለችው።

«ነገርኳቸው።»

«አገኙት?»

«አፍንጫቸውን ፊታቸው ላይ ፈልገው የሚያገኙ ይመስልሻል?»

ሳቀች፣ አተርም ጨለፍ አድርጋ ጨመረችለት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። «ግን ኩሽናዬን አይነካውም አይደል?»

«ምንም አይሆንም። ተመልሰው እኔኑ መለመናቸው አይቀርም፤ ያኔ እነግራቸዋለሁ።»

ይህን ሲላት ከልቡ ነበር። ደጋግመው ሊለምኑት እንደሚመጡ፣ እሱም ትንሽ አስጨንቆ እንደሚነግራቸው አስቦ በየጠዋቱ ፂሙን ተላጭቶ ይወጣ ጀመር። ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት በቤሪል በኩል፣ ከቦዩ መግቢያ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ ለምሰሶው ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ኮንክሪትም ተሞላበት። ሲረል ይህንንም ቆሞ አየ። አሁን ቢናገር እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ ሊሉት ነው። ስለዚህ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ገባ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ የቀረው ግን የእሱ ሹመት አልነበረም።

በኅዳር ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። እሑድ ጠዋት ቤሪል ሻይ ልታፈላ ስትገባ የኩሽናው ወለል አብጦ ጠበቃት። ውሃው ከሥር ንጣፉን እየገለበጠ መጣ፣ ወዲያው ጉልበቷ ላይ ደረሰ። የኋላው ግድግዳ ከጣሪያ እስከ መሬት ተሰነጠቀ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደግፈው አወጧትና ወደዚያ ቤት ተመልሳ መግባት እንደማትችል ነገሯት። ረድፉ ሁሉ ወጥቶ ዝናብ ላይ ቆመ። ለማየት ማን ብሎን፣ ለመርዳት ግን አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነው የተገኘው። ሲረልም መጣ።

ሃርሊን ከቤቷ እየሮጠች ደረሰች። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ለሲረል ዘረጋችለት።

«ያሉኝን ነው የቆፈርኩት። ይኸው፣ ላይኛው ጎን፣ የለንደኑ ሐዲድ።»

«ለንደን? ለንደንን ደግሞ ማን አነሳው? እዚህ መስመር ላይኛው የደርቢው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሐዲድ ይዘረጋል?»

«እኔ በምን ልወቀው?» አለች። አልጮኸችም። «ማን ነግሮኝ?»

ነገሩ የቃል ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሁለት ተካፍለውት ባለቀ። ቤሪል ግን ብርድ ልብሱን ተከናንባ ከአጠገባቸው ቆማ ትሰማለች።

«ሲረል፣ ሲቆፍሩ የት ነበርክ?»

«ድልድዩ ላይ።»

«ሁለቱንም ቀን?»

«ሁለቱንም።»

«በዚያኛው ጎን ሲቆፍሩ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«እና አንዲት ጣት ማንሳት አቃተህ?» አለችው።

ያን ጊዜ በድልድዩ በኩል ዞሮ ተዳፋቱን ወረደ። ሃርሊን በአንድ በኩል ክንዱን ያዘችው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ያ ጓንት የሚያጠልቀው ሠራተኛ። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ከዳው። ከእሑድ ዕረፍታቸው ተጠርተው የመጡት ሠራተኞች ቆመው አዩት፣ የሳቀ ግን የለም፤ እሱ በቦታቸው ቢሆን እስከ ፋሲካ ባወራው ነበር። ሲረል ጣቱን ዘርግቶ አሳየ። መግቢያውን ለማግኘት አርባ ደቂቃ አልፈጀባቸውም፣ ከቀትር በፊትም ውሃውን በቱቦ ወደ ጅረቱ መልሰውት ነበር።

ሐሙስ ዕለት የቤሪል ሴት ልጅ ከቴልፎርድ መኪና ይዛ መጣች። ሲረል ቆቡን አውልቆ ከአጥሩ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ቤሪል መኪናው ውስጥ እስክትገባ ጠብቆ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

«የባቡሩ ሥራ ድርጅት ቤትሽን አድሳለሁ ብሏል። እስከ ጸደይ ይደርቅልሻል።»

«አልመለስም ሲረል።»

«የእኔ ስሕተት ብቻ እኮ አልነበረም» አላት። «ቃሉ ነው ያሳሳተን።»

ቤሪል ቀበቶዋን አሰረች። «ሌን ሁልጊዜ ‹ሲረል ተሳስቶ አያውቅም› ይለኝ ነበር» አለች። «እውነቱን ነው። አልተሳሳትክም።»

መስታወቱን ዘጋችው፣ ልጇም መኪናውን አስነሳች።